የጥሩዓለም ስንዝር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቀበሮዬ ጅብ አክላለች ተባልኩ።

የጻፈችልኝ መቅደስ ናት። እንደ ልማዷ በጨዋ ደንብ ነው። «ጋሽ አስማማው፣ እንደምን ሰነበቱ» ብላ፣ ስለ ብርዱ ጠይቃ፣ ስለ ጉልበቴ ጠይቃ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ያነሳሁት የቀይ ቀበሮ ዱካ፣ እኔ በጻፍኩት ልክ ከሆነ፣ የጅብ እንጂ የቀበሮ አይደለም። ጦስኙ ቁጥቋጦ አክሏል። የዝንጀሮ አገዳ የሚባለው አበባማ እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ይረዝማል። «ምናልባት የቁጥር ስሕተት ይኖር ይሆን?» ትላለች።

የቁጥር ስሕተት! ጉልምስናዬን በሙሉ በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ቱሪስት ሳመላልስ ኖሬ፣ ዛሬ ቀበሮና ጅብ የማልለይ ሆንኩ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። አስፋልቱን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ። ንዴቴም አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመለሰ።

ወደዚህ ሥራ ያስገባችኝ ልጄ ሰላም ናት። እናቷ ካረፈች በኋላ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ አይታ፣ «አባዬ፣ ያ ሁሉ ፎቶ እንዲሁ ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ። በምድር ላይ ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ፣ ከዝሆን እስከ ሻጋታ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ እየሰጠ በኢንተርኔት የሚመዘግብ ትልቅ ሥራ እንዳለ ነገረችኝ። በየአገሩ ያለ ሰው የደጁን ይጽፋል። በአማርኛ የሚጽፈው ጥቂት ነው፤ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ያለውን የሚጽፍማ ጭራሽ አልነበረም። መቅደስ አዲስ አበባ ሆና የአማርኛውን ገጾች ታርማለች። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ድምጿ ግን የወጣት ነው።

መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሁሉን? የኛን ሰፈር አሞራ ብቻ ማን ጽፎ ይጨርሳል? ከዚያ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ የጅብራን፣ የዚያን ረጅም የደጋ ተክል። ከዚያ የአስታን ዛፍ። ከዚያ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረውን አሞራ። ሳላስበው እንደገና መንገድ ጀመርኩ። ጠዋት ተነስቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ሳንቃ በር ነኝ።

ጥቅምት ነው እኮ። ድሮ በጥቅምት ደባርቅ ላይ ቁጭ የሚል ሰው አልነበረም። በቅሎ ጫኙ ይጮኻል፣ ድንኳኑ ይታሰራል፣ አስጎብኚው ስሙ እስኪጠራ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይሰለፋል፣ ምግብ አብሳዮቹ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ያስጭናሉ። ከነዚያ አብሳዮች አንዷ የሰላም እናት ጥሩዓለም ነበረች። ዛሬ በዚያው በር አለፍኩ። አንዲት በቅሎ ቆማለች፤ ጭነት የላትም።

ለመቅደስ አልመለስኩላትም። ነገ አሳያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አሳየኋት? እንዴታ!

ጠዋት የቀበሮዋን ዱካ ፎቶ ከፈትኩ። ጭቃው አለ፣ ዱካው አለ፣ ከዱካው አጠገብ የተዘረጋ እጅ አለ። ከፎቶው ስር ያኔውኑ የጻፍኩት «ከግማሽ ስንዝር ጎደል ያለ» ይላል። መዝገቡ ስንዝር ስለማይቀበል ባለፈው ክረምት ሁሉንም ወደ ሳንቲ ሜትር ለወጥኩ። እንዴት ለወጥክ ብትሉኝ፣ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ሜትር ተውሼ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለካሁ። ሃያ አራት ሆነ። ከዚያ ጦስኙንም፣ አገዳውንም፣ ቀበሮዋንም በሃያ አራት አባዛኋቸው።

ፎቶው ላይ ያለው እጅ ግን የኔ አይደለም። የጥሩዓለም ነው።

ሁሉም ፎቶ ላይ የሷ እጅ ነው። እኔ ካሜራ ይዤ በየትኛው እጄ ልለካ? የለካችው እሷ፣ «ሁለት ስንዝር ከሦስት ጣት» እያለች የነገረችኝም እሷ። እኔ የያዝኩት ማንሳትና መጻፍ ነው። ግን ስንዝር ሲባል የራሱ እጅ የማይመጣበት ሰው አለ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እኔ ደግሞ ፓርኩን በሙሉ ነው ያፈሰስኩት።

እንዴት እንደተጀመረ እንደ ትናንት ይታየኛል። ማስመሪያ ነበረኝ፣ ተማሪ የሚይዘው ዓይነት የእንጨት ማስመሪያ። ሳንቃ በር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንዲት አበባ ልለካ ጎንበስ ስል ከኪሴ አምልጦ ቁልቁል ሄደ። የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። እዚያው ቆሜ ስራገም ጥሩዓለም ከኋላዬ መጣች። ያኔ ገና አልተጋባንም፤ እንዲያውም ባለፈው ቀን ሾርባዋን ጨው በዝቶበታል ብያት አኩርፋኝ ነበር። ተንበርክካ እጇን ከአበባው ጎን ዘረጋችና «አንሣ» አለችኝ። «ይኼኛው ማስመሪያ አይጠፋብህም።»

ጠፋብኝ እኮ ጥሩዬ።

ከሰዓት በኋላ ለመቅደስ ደውዬ ነገሩን ዘረገፍኩላት። አልሳቀችብኝም፤ ቢያንስ እኔ እየሰማሁ አልሳቀችም። ጉዳዩ ግን ጠበቅ ያለ ነው። የመዝገቡ የሰሜን ተራሮች ክፍል እሑድ ማታ ለምርመራ ይዘጋል። ልኩ ያልተረጋገጠ ገጽ ሁሉ ከነፎቶው ይወጣል፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። እንደገና ወጥቼ ከማስመሪያ ጋር ባነሳቸውስ አለች። ጉልበቴ ሳንቃ በር ቀርቶ ከከተማው እንደማያስወጣኝ፣ መንገዱም እንደ ድሮው ብድግ ተብሎ የሚወጣበት እንዳልሆነ ነገርኳት። እጁን ከፎቶው ላይ ቆርጠን ብናወጣው፣ ልኩን ባዶ ብንተወውስ አለች። እሱንስ አልሰማሁሽም አልኳት።

«እንግዲያው እጁ ራሱ ማስመሪያ ነው ጋሽ አስማማው። ልኩን ካወቅን ሁሉም ፎቶ ይተርፋል። ባለቤትዎ እጃቸውን ለክተው ይላኩልን» አለችኝ።

«አርፋለች» አልኳት።

ነፍስ ይማር አለች፣ ይቅርታ ጠየቀች። ቀኑን ግን ማራዘም አልቻለችም፤ የሷ ሥልጣን አይደለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየኝም። ስለ ጦስኙ አይደለም የማዝነው። ጦስኝን ሌላ ሰው ይጽፈዋል። እነዚያን ገጾች የሚከፍት ሰው፣ የትም ይሁን፣ አበባው ጎን የሷን እጅ ያያል። ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ግን ያያታል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እሑድ ሲመሽ ሁለተኛ ልትሄድብኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አቦ ነው ዛሬ። ተሳልሜ መጣሁና ፍለጋ ገባሁ። የሰው ልጅ እጅ ዕድሜውን ሙሉ ሲነካው በኖረው ቤት ውስጥ እንዴት ልኩ ይጠፋል?

የፈለግኩበት፦

የሠርጋችን ፎቶ። እጇ ነጠላው ውስጥ ነው።

መታወቂያዋ። ያለው አሻራዋ ብቻ ነው፤ ያውም የአውራ ጣቷ ብቻ።

የብርድ ጓንቷ። የሱፍ ነው፤ ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲተዉት ያጥራል። ይዤው ትንሽ ተቀመጥኩ። አሁንም የጭስ ሽታ አለው።

ፎቶዎቹ እንደገና፣ አንድ በአንድ። ከእጇ አጠገብ የክብሪት ቀፎ ወይም እስክሪብቶ ቢገኝ ብዬ ነው። የለም። «አበባው ይታይ» እያለች ከፊቱ ያለውን ሁሉ ጠራርጋ የምታነሳው ራሷ ናት። ንጽሕና ይወዱ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ያስቸግራሉ።

ቀትር ላይ ሰላም ከጎንደር ደወለች። ሥራ ቦታ ናት፤ ሹክ እያለች ነው የምታወራው። ነገሩን ስነግራት ቀለል አድርጋ፣ «አባዬ፣ የእማዬ እጅ እኮ የኔው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው» አለችኝ። እዚያው ለካችው። ሃያ። ደስ ብሎኝ ሃያን ጽፌ ልጀምር ስል ፎቶውን አየሁ። ትንሿ ጣቷ።

ያቺ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት። ጨነቅ ላይ ነው የሆነው፣ በተጋባን ዓመት። ጭነት እያራገፍን ሳለ የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ብቅ ሲል በቅሎዋ በረገገች፤ ገመዱ ጥሩዓለም እጅ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሰማሁት ሲሰበር። እሷ ግን በሻሿ ጠምጥማ ለአሥር እንግዳ እራት አበሰለች። ምን ሆነሽ ሲሏት «በረደኝ» ነው መልሷ። ስንመለስ ወጌሻው ጎትቶም አሽቶም ሳይቃና ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንዝሯ አጠረ። በፊልም ካሜራ ዘመን ያነሳኋቸው ፎቶዎች የሉኝም፤ አሁን ያሉኝ ሁሉ ጣቷ ከታጠፈ በኋላ ያሉት ናቸው።

ለሰላም መልሼ ደወልኩ። ጣትሽን አጥፈሽ ለኪው አልኳት። «ምን ያህል ልጠፈው አባዬ?» አለችኝ።

ሁለታችንም አላወቅነውም። እናቷ እኮ ናት። ሚስቴ እኮ ናት። ያን ጣት ስንት ጊዜ ይዤው ሄጃለሁ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ግን መናገር አልቻልኩም። ስልኩን ዘጋንና አልበላሁም፤ ጾሙ ምክንያት ሆነልኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አገኘሁ! አገኘሁ መሰለኝ። ቆይ፣ በደንብ ልጻፈው።

ዛሬ ለምስር ወጥ ጨው ላነሳ እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድኩ። እዚያ ጨው መቀመጡ ከቀረ ቆይቷል። መደርደሪያው ነበር እዚያ፤ እሷ ካረፈች በኋላ ባየሁት ቁጥር ስለከበደኝ ዳባት ላለችው እህቷ ለአበሩ ሰጠኋት፣ ግድግዳውንም በኖራ አስቀባሁ። እጄ ግን አሁንም አላመነም።

ባዶውን ግድግዳ እንደነካሁ የመደርደሪያው ጣጣ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ ሳቅኩ፣ ወጡ እስኪያር።

ጥሩዓለም መደርደሪያውን ያሠራችው፣ ጣቷ ከታጠፈ በኋላ፣ ዳባት፣ አያ ውብሸት የሚባሉ አናጢ ዘንድ ነው። ግድግዳውን በእጇ ለክታ ሄዳ «ሰባት ስንዝር» አለቻቸው። አያ ውብሸት ደግሞ እጃቸው አካፋ ነው። በራሳቸው ስንዝር ሰባት ለክተው ሠሩት። በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ መጣ፤ ግድግዳው ላይ ሲያስጠጉት ጫፉ በሩን አልፎ ወጣ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። መደርደሪያውን መልሳ አስጭና ዳባት ሄደች፣ አስቆርጣ አመጣችው። ሲገባ ልክ ግጥም አለ።

እንግዲህ ያ መደርደሪያ ሰባት የጥሩዓለም ስንዝር ነው። ለክቼ ለሰባት ማካፈል ነው፤ ይኸው ነው። አያ ውብሸት የሠሩትን ስሕተት እኔ ከስንት ዘመን በኋላ በኮምፒውተር ደገምኩት፤ ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቅሁባቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ለአበሩ ብደውል መስመር የለም። ነገ ራሴ እሄዳለሁ። የልብስ ሰፊዋን ሜትር ዳግመኛ ተውሻለሁ። ምን ልትለካ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚስቴን እጅ አልኳት። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ሜትሩን ሳትመልስ ውሰደው አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ዳባት

ተቆርጧል።

መጀመሪያ ይህን ጻፍኩ፣ ሌላው ይከተላል።

ጠዋት በሚኒባስ መጣሁ። የወገራ ገብስ ወርቅ ሆኗል፤ መስኮት ዳር ተቀምጬ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ነበር። አበሩ በሩን ስትከፍት አቅፋ ሳመችኝ፣ ምነው ጠፋህ ጋሼ ብላ ወቀሰችኝ፣ ቁጭ በል አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ማድ ቤቱ ነው። መደርደሪያው አለ። አረንጓዴ ቀለም ቀብታዋለች፣ ሳህኖቿን ደርድራበታለች። ደግሞም ከሁለት ጥግ መካከል ልክ ግጥም ብሎ ገብቷል። ያን ሳይ ነገሩ ገባኝ።

«አስቆርጬው ነው እንጂ አይገባም ነበር» አለችኝ፣ ደስ እያላት።

ቁራጩስ? ባለፈው ዓመት አንድዳዋለች። ምን ያህል ነበር? እንጃ፣ እንዲህ ይሆናል ብላ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ቀነሰች፣ ከዚያ ጨመረች። ተቀመጥኩ። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ ብዬ ሁሉንም አስረዳኋት፤ መዝገቡን፣ አበባዎቹን፣ እሑድን። ሰምታኝ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«በምድር ላይ ነፍስ ያለው ሁሉ ይገባበታል አልከኝ?»

አዎ አልኳት።

«ሣሩም?»

ሣሩም፣ ዝንቡም።

«ታዲያ ለሞተ ሰው ቦታ የለውም?»

የለውም አልኳት። ምሳ አቀረበች፤ ሁለታችንም አላነሳንም።

ከሰዓት በኋላ፣ ለወጉ ያህል፣ አያ ውብሸት ዘንድ ሄድኩ። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ደጃቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ፣ «የጥሩዓለም ባል» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ያው አካፋ ነው፣ ትንሽ ከስቷል።

እንደምን ሰነበቱ ተባብለን ስናበቃ መደርደሪያውን አነሳሁባቸው። ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ቀን ቁጣዋን ችዬ ቆሜአለሁ አሉ። እሳቸው ስንዝር ስንዝር ነው ቢሏት፣ «የሚገባው እኔ ቤት ነው አያ ውብሸት፣ የእርስዎ እጅ ምን አገባው» ብላቸው ነበር። ከዚያ ሁለተኛ አላመነቻቸውም፤ በቃል መንገር ቀረ። ሳንቃውን መሬት ላይ አስተኝታ በጉልበቷ ሄደችበት።

«እሷ እጇን ታሳርፋለች፣ እኔ ጣቷ ካበቃበት በሚስማር እጭራለሁ» አሉኝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እስከ ሰባት። ሰባተኛው ላይ ቆረጥኩት።»

ጭረቱ የት ነው ያለው አልኳቸው።

«በጀርባው ነዋ ልጄ። ፊቱ ላይማ ማን ያስጭራታል!»

እንዴት ከደጃቸው እንደወጣሁ አላውቅም። አበሩ ቤት ስደርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች። መደርደሪያው በትልልቅ ሚስማር ተመቷል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው። ዛሬ አይሆንም አለች አበሩ። ሳህኔን ሁሉ በጨለማ ልታስፈጅ ነው ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ የእህቷ ነው፤ ደስ አለኝ።

ደግሞ ጀርባውን ቀብተሽዋል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈርቼ እስካሁን አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ዳባት

ጠዋት ሳህኖቹን አወረድን። አበሩ አንድ አንዱን እየጠረገች አልጋው ላይ ደረደረችው። ሚስማሩን በመጥረቢያ ጀርባ አላቀቅኩት። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ከግድግዳው አንድ ቁና ጭቃ ይዞ ወረደ። አበሩ መጥረጊያ አመጣች፤ ይህ ከመቆጣቷ የባሰ ነው።

ሳንቃውን ደጅ አውጥተን ገለበጥነው።

አልተቀባም። ጭሱ ጠቆር አድርጎታል፣ የሸረሪት ድር አለበት፤ በጨርቅ ስጠርገው አንድ ጭረት ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሰባት አይሞሉም፤ ሁለቱ ከተቃጠለው ቁራጭ ጋር ሄደዋል። ሙሉ ሆነው የተረፉት አምስት ናቸው። አምስት ጊዜ እጇን ያሳረፈችበት ቦታ።

ሜትሩን ዘረጋሁ። እኩል አይደሉም። መጀመሪያ ላይ ያሉት ሰፋ ይላሉ፤ ተናዳ ስለነበር እጇን ወጥራ ነው የለካችው። ወደ መጨረሻው ጠበብ ይላሉ፤ ደክሟታል፣ ወይም ንዴቷ በርዷል። አበሩ በስልኳ ደመረችልኝ፣ ለአምስት አካፈለችልኝ። አሥራ ስድስት ተኩል።

እጄን በሁለት ጭረት መካከል አሳረፍኩ። የኔ አልፎ ወጣ፣ አንድ የአውራ ጣት ያህል። አበሩም የሷን አሳረፈች፤ የሷም አለፈ። ትንሿን ጣቷን ቀስ እያለች ወደ ውስጥ አጠፈቻት፣ አጠፈቻት፣ ጭረቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለታችንም ያን የታጠፈ ጣት አየነው። የጥሩዓለም እጅ ነበር፣ ሳንቃው ላይ፣ በፀሐይ።

አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት። አበሩም አለቀሰች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኬን አስተካክዬ እንድይዝ ነገረችኝና ሳንቃውን ከነጭረቱ አነሳሁት፤ አንዴ ሜትሩን ዘርግቼ፣ አንዴ የሷን እጅ አስቀምጬ። ስናነሳ ጎረቤቶቿ አጥር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። ምን እያደረጋችሁ ነው ሲሉ አበሩ «እህቴን እየለካን» አለቻቸው። አበዱ ብለው ሄዱ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ። ያን ጊዜ አያ ውብሸት ባይሳሳቱ ኖሮ፣ ዛሬ ከእጇ አንድ ጭረት እንኳ አይተርፈኝም ነበር።

ሳንቃውን ልትሰጭኝ ትችያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አሰበችበት። አልሰጥህም አለችኝ። ልክ ነው ያለችው፤ የሷም እህት ናት። ለጊዜው መልሼ መታሁላት፤ ሁለተኛው ጫፍ ትንሽ ይወዛወዛል። ሳህኖቹን እኔ ፊት አልመለሰቻቸውም።

በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ደባርቅ ገባሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ደባርቅ

ከቅዳሴ መልስ ሥራ ጀመርኩ። መብራት ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ሄድ መጣ ይላል፣ እንደ ክረምት ፀሐይ። ፎቶውን ለመላክ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የሳንቃውን ፎቶ ከነጭረቱ ለመቅደስ ልኬ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ቁጥሩን አረምኩ።

ሁሉም እያነሰ መጣ። ጦስኙ ከቁጥቋጦነቱ ወርዶ እግር ስር የሚረገጠው ጦስኝ ሆነ። የዝንጀሮ አገዳው ከዓለም አንደኛነቱ ተሻረ። ሲደርቅም የማይረግፈው ነጩ አበባ፣ አምባው ጫፍ ላይ ምሳ ስንበላ ያነሳሁት፣ እሷ እጇን ከአበባው ጎን ዘርግታ ሰው እስኪያጎርሳት የጠበቀችበት ቀን ያነሳሁት፣ እሱም ወደ ልኩ ገባ። እያንዳንዱን ባረምኩ ቁጥር ቦታው ይመጣብኛል። ይህን ስናነሳ ጉም ነበር። ይህን ስናነሳ ተጣልተን ነበር፤ እጇ ራሱ ያስታውቃል፣ ጣቶቿ ቀጥ ብለዋል። ይህን ስናነሳ ሰላም ሆዷ ውስጥ ነበረች።

ቀበሮዋን ለመጨረሻ አስቀረኋት። ሰባት ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ቀበሮ ሆነች።

ክፍሉ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው መቅደስ ደወለች። ፎቶውን አይታዋለች። ጭረቶቹ አምስት መሆናቸው ለማረጋገጫ ከአንድ ይልቅ ይበጃል አለች፤ ከኔ ይልቅ እሷ ደስ ያላት ትመስላለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር በምን እንደተለካ የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ አለ፤ ሌላው ሰው ማስመሪያ ወይም ሜትር ብሎ ይጽፍበታል። እኔ ባዶ ትቼዋለሁ። ባዶ ሆኖ አያልፍም።

«ምን ብዬ ልሙላው ጋሽ አስማማው?» አለችኝ።

«የጥሩዓለም ስንዝር በይው» አልኳት።

መተየቧን እሰማለሁ። «የጥሩዓለም ስንዝር፣ አሥራ ስድስት ተኩል ሳንቲ ሜትር» ብላ አነበበችልኝ። «ለሁሉም?»

ለሁሉም አልኳት።

ገጾቹ ያልፉ አይለፉ የሚታወቀው መርማሪዎቹ ካዩት በኋላ ነው። መቅደስ ያልፋል ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሰው ያልፋል ያለውን ነገር እፈራለሁ። ቢሆንም አሁን ገብቼ አይቼዋለሁ። ከጅብራው ስር አለች። ከአስታው ስር አለች። ከቀበሮዋ ዱካ ስርም አለች።

ለአበሩ ደወልኩላት። ዛሬስ መስመር ተገኘ። ለሞተም ትንሽ ቦታ ተገኝቷል አልኳት፣ ከሣሩና ከዝንቡ ጎን። እሷ ደግሞ፣ ግድግዳዬን መጥተህ የምትመርግልኝ መቼ ነው አለችኝ። ማክሰኞ እሄዳለሁ።